የዛገው ፌሮ ወይስ የተሸረሸረው መሠረት?

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ አንባቢ፣ ወደ ቦርከና በሚገባ አንድ ወንዝ ላይ የተሠራው አሮጌ የኮንክሪት ድልድይ ከሶሌታው ሥር ፌሮው ወጥቶ መታየቱን ገልጸው፣ በባሕር ዳርቻ ያሉ እንዲህ ዓይነት ድልድዮች ፈርሰው በአዲስ እንደሚተኩ ስላነበቡ የእነርሱም ይፍረስ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በባሕር ዳርቻ ያለ ድልድይ ዋና ጠላቱ ጨው ነው። ነፋስና ማዕበል ያመጡት ጨው በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አልፎ ፌሮው ዘንድ ሲደርስ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያፈርስበታል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጨው በጥልቀት ከገባ በኋላ ላዩን መለሰን ስለማያዛልቅ ነው ብዙ ጊዜ መተካት የሚመረጠው።

ኮምቦልቻ ግን ባሕር የላትም። የእርስዎ ድልድይ ፌሮ የዛገው፣ ሲሠራ የኮንክሪት ሽፋኑ ስስ ሆኖ፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለዓመታት ገብቶ የኮንክሪቱን የመከላከል ኃይል ስላዳከመው ሳይሆን አይቀርም። ለማረጋገጥ አዲስ በተፈለጠ ቦታ ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለውን ኬሚካል ይርጩ፤ ወደ ሮዝ የሚለወጠው ክፍል ጤነኛ ነው፣ ቀለም የማይዘው ግን ብረቱን መጠበቅ አቁሟል። ጉዳቱ በጥቂት ቦታ ከተወሰነና ፌሮው ብዙ ካልሳሳ፣ ላላውን ኮንክሪት አንሥቶ መጠገን ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከውኃው በታች ያለው ነው። ሰው ቀና ብሎ ዝገቱን ያያል፤ ድልድይን በአንድ ሌሊት የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ መሠረቱን የሚሸረሽረው ጎርፍ ነው። በነሐሴ የተቦረቦረው ጉድጓድ ጎርፉ ሲጎድል በደለል ስለሚሞላ፣ በኅዳር የሚመጣ ተመልካች ደህና መሬት ያየ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ እኔም በዚሁ ተታልዬ፣ ምሰሶው አጠገብ ረዥም ብረት ስንሰድ ያለ ምንም መከላከል ወደ ታች ሲገባ ደንግጫለሁ። እርስዎም በእያንዳንዱ ምሰሶና በሁለቱም ዳር ግንቦች ሥር እንዲህ ያስሞክሩ፤ ጠንካራው መሬት ከመሠረቱ ግርጌ በታች ከተገኘ፣ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ ከባድ መኪና እንዳያልፍበት ለመንገድ ኃላፊዎች ያመልክቱ።

መተካት ግድ ከሆነ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ሠርቶ መንገዱን በኋላ ማዞር፣ አሮጌውን ቀድሞ አፍርሶ በወንዙ ውስጥ ተለዋጭ መንገድ ከመዘርጋት ይሻላል፤ እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ መሻገሪያ አንድ ጎርፍ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የሥራው ጊዜም የወሎን ሰማይ ያገናዘበ ይሁን። ብዙ ተቋራጮች ከጥቅምት እስከ ግንቦት ደረቅ ነው ብለው ያቅዳሉ፤ እኛ ዘንድ ግን የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከውኃው በታች ያለው ሥራ በሙሉ እስከ ጥር መጨረሻ እንዲያልቅ በውሉ ላይ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ወንዙ ግንድና ድንጋይ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ መካከለኛ ምሰሶ የሌለውን ንድፍ ይጠይቁ፣ ወጪው ቢጨምርም።

የአሮጌው ምሰሶዎችም ከወንዙ ወለል በታች ድረስ ይነሡ፤ ጉቶአቸው ከቀረ ጎርፉን ወደ አዲሱ መሠረት ያዞሩታል።