ትዕዛዙ ተልኳል፣ ዝርዝሩ ግን «በመጠባበቅ ላይ» ይላል

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። ደንበኞችንም ትዕዛዞችንም አንድ የዳይናሞዲቢ (የአማዞን ዳታቤዝ) ቴብል ውስጥ አስቀምጠሃል፣ ከኮድህ ጋር የሚያገናኝህ ኤሌክትሮዲቢ የተባለው ላይብረሪ ነው። የትዕዛዙ ሁኔታ ወደ «ተልኳል» ሲቀየር መዝገቡ ላይ በትክክል ይታያል። በሁኔታ ለይተህ ስትጠይቅ ግን አሁንም ከድሮው ዝርዝር ጋር ይመጣል። ኢንዴክሱ ዘግይቶ ይሆናል ብለህ ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅክ ነው።

አትጠብቅ። ጂኤስአይ፣ ማለትም በሌላ ቁልፍ እንድትፈልግ ዳይናሞዲቢ የሚይዝልህ ኢንዴክስ፣ ከዋናው ቴብል ትንሽ ወደኋላ እንደሚቀር እውነት ነው፣ መዘግየቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ በታች ነው። ከትናንት ጀምሮ ያልተስተካከለ ነገር በራሱ አይስተካከልም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በአንድ ቴብል ዲዛይን ኢንዴክሱ «ሁኔታ» የሚለውን አትሪቢዩት (የመዝገቡን አንድ መስክ) ጨርሶ አያየውም። የሚያየው ላይብረሪው መዝገቡን ሲጽፍ ከተለያዩ አትሪቢዩቶች ገጣጥሞ የሰራውን ቁልፍ ነው፤ ለምሳሌ «ቅርንጫፍ#12#ሁኔታ#በመጠባበቅ» የሚል ጽሑፍ። ስለዚህ ሁኔታው ሁለት ቦታ ተጽፏል ማለት ነው፣ አንዴ ለብቻው፣ አንዴ ቁልፉ ውስጥ። ዳይናሞዲቢ ደግሞ የሁለቱን ዝምድና አያውቅም። አንዱን ስትቀይር ሌላውን አይቀይርልህም።

ለማረጋገጥ መዝገቡን ያለ ላይብረሪው፣ የአማዞን ኮንሶል (የአስተዳደር ድረ ገጹ) ላይ ክፈተው። ሁኔታው «ተልኳል» እያለ የጂኤስአይው ቁልፍ «በመጠባበቅ» ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። እኔ እንደዚያ እንደምታገኘው እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም የክፍያው ላምዳ (አማዞን ላይ የሚሮጠው ፋንክሽን) ላይብረሪውን ትቶ በቀጥታ በኤስዲኬ፣ በአማዞን የራሱ የኮድ መሣሪያ፣ እንደሚጽፍ በመሃል ጣል አድርገሃል። እሱ አንድ አትሪቢዩት ብቻ ይቀይርና ይወጣል።

ላምዳውም በላይብረሪው በኩል ይጻፍ። ቁልፉን እዚያው በእጅህ ልገጣጥመው እንዳትል፤ ኤሌክትሮዲቢ ቁልፉ ፊት የሰርቪሱን ስም ይጨምራል፣ ፊደላትን ያሳንሳል፣ አንድ ምልክት ከሳትክ መዝገቡ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ስህተት ተብሎም አይነገርህም። ሁኔታውን ብቻ ሰጥተህ አፕዴት ስትል ደግሞ ላይብረሪው እምቢ ሊልህ ይችላል። አትናደድበት፣ ልክ ነው። አፕዴት መዝገቡን ቀድሞ ስለማያነብ ቅርንጫፉ ስንት እንደሆነ አያውቅም፣ ሳያውቅ ደግሞ ቁልፉን መስራት አይችልም። መፍትሔው ቅርንጫፉን «ኮምፖዚት» በሚባለው የላይብረሪው ፋንክሽን በኩል አብረህ መስጠት ነው። ይሄ ቅርንጫፉን አይቀይረውም፤ ቁልፉን ለመስራት ይጠቀምበታል፣ የሰጠኸው መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመም መጻፉን ያስቆመዋል። በጣም የምወደው ጥበቃ ነው።

ቀድሞ የተበላሹትን በስካን፣ ቴብሉን በሙሉ ገጽ በገጽ በሚያነበው ጥሪ፣ እየዞርክ አስተካክል። አንድ ገጽ ከ1 ሜጋባይት አያልፍም፣ ስለዚህ ገጹ የቆመበትን የመጨረሻውን ቁልፍ እየያዝክ ወደሚቀጥለው ሂድ። እያንዳንዱን መዝገብ በላይብረሪው መልሰህ ጻፈው፣ ግን «ሁኔታው አሁንም ያነበብኩት ከሆነ» የሚል ኮንዲሽን ይኑረው፤ አለዚያ አንተ አንብበህ እስክትጽፍ ድረስ የተቀየረውን ታጠፋዋለህ። ከአፕዴት ይልቅ የላይብረሪውን ፓች ተጠቀም፤ እሱ ያለን መዝገብ ብቻ ነው የሚቀይረው። የዳይናሞዲቢ አፕዴት ያልነበረን መዝገብ አዲስ አድርጎ ይፈጥራል፣ በመሃል የተሰረዘ ትዕዛዝ ግማሽ አካሉን ይዞ እንዲነሳ አትፈልግም።

እስከዚያው የድሮዎቹን በፊልተር ልደብቃቸው ብለሃል። አልመክርህም። ፊልተር የሚሰራው ዳታው ከተነበበ በኋላ ነው፣ የንባቡን ሂሳብ ትከፍላለህ። ሊሚት (ስንት መዝገብ ይነበብ የሚለው ገደብ) የሚቆጥረውም ከፊልተሩ በፊት ስለሆነ ዳታ እያለ ባዶ ገጽ ሊመጣልህ ይችላል፣ ከዚያ ሌላ ስህተት ፍለጋ ትጀምራለህ።

ቁልፎቹን ከነካካህ አይቀር፣ የትዕዛዝ ቁጥሩ ሶርት ኪው (መዝገቦች የሚደረደሩበት የቁልፉ ክፍል) ውስጥ ካለ ከፊቱ ዜሮ ሙላበት። ጽሑፍ የሚደረደረው በባይት ስለሆነ 10 ከ9 በፊት ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን ግን አታዛባ። መጀመሪያ ላምዳውን አስተካክለህ ዲፕሎይ አድርግ፣ አዲስ የሚገቡ ጥቂት ትዕዛዞችን ኮንሶሉ ላይ አይተህ ቁልፋቸው አብሮ መቀየሩን አረጋግጥ፣ ከዚያ ነው ስካኑን የምታስነሳው።