የአማቴ ከርቤና የጓደኛዬ ጠርሙስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰሞኑን ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው እኛ ጋ ናቸው፤ ከርቤ በብርጭቆ ዘፍዝፈው «በዚህ ተጉመጥመጪ» ይሉኛል። መሥሪያ ቤት ያለች ጓደኛዬ ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር የከርቤ ኢሴንሻል ኦይል (ተነጥሎ የወጣ የጠረን ዘይት) በጠርሙስ ሰጥታኝ «ሁለት ጠብታ በውሃ ጠጪ፣ ከውስጥ ያጸዳል» አለችኝ። ሁለቱም ያው ከርቤ ነው ይላሉ። የማንን ልስማ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጠርሙሷን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ስቀያትና እናውራ። አትጠጪያትም።

«ያው ከርቤ ነው» የሚሉት ነገር ነው ሰዉን የሚያሳስተው። ከርቤ የቆላ ዛፍ ነው፤ በሶማሌ ክልል፣ በቦረና፣ በባሌ ቆላ ይበቅላል፣ ሶማሌዎች መልመል ይሉታል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲቆረጥ የሚያነባው ነገር ደርቆ ነው እማማ የዘፈዘፉት ቀይ ቡናማ ድንጋይ የሚሆነው። ያ ድንጋይ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ውሃ የሚያሟሟው ሙጫ ነው። ከ25 እስከ 40 በመቶው ውሃ የማይደፍረው፣ አልኮል የሚያሟሟው ሬዚን ነው። የቀረው፣ ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ፣ ጠረኑን የሚሰጠው ዘይት ነው። አማትሽ ሲዘፈዝፉ በብዛት የሚወጣው ሙጫውና ምሬቱ ነው። ፋብሪካ ከርቤውን በእንፋሎት ሲያጣራው ግን ዘይቱ ብቻውን ተነጥሎ ይወጣል።

እስቲ ሂሳቡን እናስላው። 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ለማውጣት ከ100 ግራም እስከ ግማሽ ኪሎ ከርቤ ይፈጃል። ግማሽ ኪሎ! አማትሽ ዓመቱን ሙሉ ቢያጨሱትም የሚጨርሱት አይመስለኝም። ጓደኛሽ እንደ ሎሚ ጠብ አድርገሽ እንድትጠጪ የምትመክርሽ ይህን ነው። ደግሞ ዘይትና ውሃ አይገናኙም፤ ጠብታዋ ሳትቀጥን አፍሽና ጉሮሮሽ ላይ ነው የምታርፈው።

እርጉዝ ባትሆኚም አትጠጪ ነበር የምልሽ። እርጉዝ ስትሆኚ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከርቤ ከጥንት ጀምሮ የቀረ የወር አበባን ለማምጣት ሲወሰድ የኖረ ነገር ነው፣ ማህፀንን ያነቃቃል ተብሎ። ለዚህም ነው የአሮማቴራፒ (በጠረን ዘይት የማከም) ባለሙያዎች በእርግዝና ጊዜ ዘይቱን አትጠቀሙ የሚሉት፤ መጠጣት ብቻ ሳይሆን መቀባትም። የእማማ ብርጭቆም እስክትወልጂ ይቆይ፣ ስትጉመጠመጪ ትንሽ መዋጥሽ አይቀርምና።

ግን አደራ፣ አማትሽን «ኋላቀር» እንዳትያቸው። ጀርመን አገር የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚመረምረው ኮሚሽን ኢ የተባለው አካል ለቀላል የአፍና የጉሮሮ መቆጣት የፈቀደው በአልኮል የወጣ የከርቤ ቅምር አለ። ማለትም ከርቤን ከድድ ጋር ማገናኘታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ ጊዜው ነው ያልሆነው። በእርግዝና ወቅት ድድ መድማቱ ደግሞ በሆርሞን ለውጥ የተነሳ ብዙ ሴት ላይ ይታያል። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሚ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፣ መቦረሹን ግን እንዳታቆሚ፣ ካቆምሽ ይብስብሻል። ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው፤ ካልተወሽ የጥርስ ሐኪም ይየው። ለአማትሽ «እማዬ፣ ስወልድ እመለስበታለሁ» በያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ነው የምኖረው። የሱሉልታን ሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ማታ ማታ በሩን ዘግቼ ከሰል ምድጃ ላይ ከርቤ ጣል ሳደርግበት እንቅልፍ ይወስደኛል። ጠዋት ግን ራሴን ያመኛል፣ ልጄንም ያስላታል። ልጄ «ዘይቱን ልግዛልህና ጉልበትህን ታሽበት» ትላለች። የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ የራስ ምታቱ ነው ያስደነገጠኝ። እንቅልፍ ይወስደኛል ያሉት የከርቤው ሥራ ላይሆን ይችላል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ሳያስነሳም ይቀራል። የከርቤው ጠረን ደግሞ ቤቱን ደስ ስለሚያሰኘው የሚጠራጠረው የለም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰሉ ከመኝታ ቤት ይውጣ። እባክዎ ይህን ቀልድ እንዳያደርጉት። ከርቤ ማጨስ ከወደዱ ቀን፣ በርና መስኮት ከፍተው፣ ልጅዎ ከቤት ሳለች ሳይሆን ስትወጣ ያጭሱ፤ ጭስ ጭስ ነው፣ የተባረከ ነገር ቢጤስም ሳል ያመጣል።

ማታ ጠረኑን ከፈለጉ ዘይቱ የተሻለ ነው። ሁለት ጠብታ በጥጥ አድርገው ከራስጌ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፣ ይበቃል። በመብራት የሚሠራውን ጠረን መርጫ እንዲገዙ አልመክርም። የከርቤ ዘይት ወፍራም ነው፣ ሲቆይም እየጠጠረ ይሄዳል። እኔ ብቻውን ጨምሬበት መርጫዬ ተዘግቶ ቀረ፣ በአልኮል ስፈትግ ግማሽ ቀኔ አለቀ።

ለጉልበትዎ፦ በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት 6 ጠብታ። ይህ አንድ በመቶ ያህል ነው፣ ለአሮጌም ለወጣትም ቆዳ በቂ ነው። መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው አንድ ቀን ይጠብቁ፣ ካላሳከከዎት ይቀጥሉ። ቁስል ባለበት አይቀቡ። በ1996 የጣሊያን ተመራማሪዎች ከርቤ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ሕመም እንደሚያስታግሱ አይጥ ላይ አሳይተው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አውጥተዋል። ያኔ ብዙ ሰው ያስታወሰው ለጌታ በስቅለቱ ዕለት ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሰጥተውት አለመቀበሉን ነው። ግን አይጥ ነው፣ ጋሼ። መታሸቱና ሙቀቱ ያሳርፍዎታል፣ ያለቀ ጉልበት ግን አይመልስም። የሚጠጣ ከርቤ እንዳይሞክሩ። ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል ከመድኃኒትዎ ጋር ተደርቦ ሊጥልዎት ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ጎረቤቶች ካሉዎትም እነሱም ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ከየካ አባዶ ነኝ። ከርቤም ዘይቱም ሲገዛ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ? አስቴር በመጽሐፍ ቅዱስ የተቀባችው ዘይትስ ይሄው ነው?

መልስ፦ ከኋላው ልጀምር። አስቴር ስድስት ወር የተቀባችው በእንፋሎት የወጣ ዘይት አይደለም፣ በዚያ ዘመን ከርቤ ዘይት ውስጥ ይነከር ነበር። ስለዚህ ለቆንጆነት ብለሽ የዛሬውን ጥሬውን ፊትሽ ላይ እንዳታፈሺው።

ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጊና ለአንድ ቀን ተዪው። ወፍራም ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ትንሽ የሚያጣብቅ ነጥብ ይቀራል። ምግብ እንደነካው ወረቀት ሰፋ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ከሠራ ግን የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ውሃ የመሰለ ቀጭንና ሽቶ ሽቶ የሚል ከሆነም ተጠራጠሪ፤ እውነተኛው ከቢጫ እስከ ቡናማ ነው፣ ጠረኑ አፈር አፈር፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ከርቤው ራሱ ከነጭ ዕጣን ጋር እንዳይምታታብሽ። ነጩ ዕጣን ከመተማና ከትግራይ ቆላ የሚመጣ የሌላ ዛፍ ነው። ከርቤ ሲሰበር ውስጡ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዴ ነጫጭ መስመር አለው። ስትቀምሺው መራራ መሆን አለበት። ፈረንጆቹ የሚጠሩበት ስም ራሱ የመጣው «መራራ» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ሥሩ አንድ ከሆነ የሴም ቃል ነው። ምላስሽን ነካ አድርጊና ትፊው፣ እንደ እኔ እንዳታኝኪው ብቻ። ያን ቀን የጠጣሁት ቡና ጣዕሙ እስካሁን አይታወቀኝም።