ከአቦል ጀምሪ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነሽ። በሩቅ ኮከቦች ዙሪያ የሚዞሩ ግዙፍ ፕላኔቶችን ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ምን እንጀራ ይሆናል?» ብለው ነገሩን ዘግተውታል።

በአባትሽ አትዘኚ። ኮከብ ቆጣሪና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በብዙ ሰው አፍ አንድ ናቸው። ይልቅ ሥራውን በምሳሌ አሳዪያቸው። ምሳሌው ከቤት አለልሽ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቷ ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ፣ ኢትዮጵያ ኮከቧን ቡና፣ ፕላኔቷን አቦል አለቻቸው። ቡና 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት በሰሜን በኩል፣ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ናት። በባዶ ዓይን አትታይም፤ ባይኖኩላር ካገኘሽ ግን ይበቃል። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ትከብዳለች። ጁፒተር ብቻውን የመሬትን 318 እጥፍ ነው። ኮከቧን አንዴ ለመዞር 990 ቀን ያህል ይፈጅባታል።

ታዲያ አቦልን በቴሌስኮፕ ያያት ሰው የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. መኖሯ የታወቀው ኮከቧን ስለምትወዘውዛት ነው። ኮከቧ ወደ እኛ ስትጠጋ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል። ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው። ለምሳሌ ጁፒተር ፀሐይን የሚወዘውዛት በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ የ100 ሜትር ሯጭ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ማለት ነው። ይህን ከሩቅ ኮከብ ብርሃን ላይ ለዓመታት መለካት፣ የመሣሪያውን ስህተት ከእውነተኛው ምልክት መለየት፣ ኮድ መጻፍ፣ ደግሞ ደጋግሞ መፈተሽ ነው ሥራው። ቴሌስኮፕ ሥር የሚያልፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

እንጀራውም እዚሁ ላይ ነው። አልዋሽሽም፣ ቋሚ የምርምር ቦታ ጥቂት ነው፤ ዶክትሬት ይዘውም ወደ ሌላ ሥራ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ግን አይሄዱም። ከተዘበራረቀ ዳታ ውስጥ ቁም ነገር የሚያወጣ ሰው ባንክም፣ ቴሌኮምም፣ የሳተላይት ምስል የሚተነትን መሥሪያ ቤትም ይፈልገዋል። ለአባትሽ ይህንን ንገሪያቸው።

አንቺ ደግሞ ፈቃድ እስክታገኚ አትጠብቂ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከዛሬ ጀምሪ፣ ስታቲስቲክስ ኮርስ ካለ ውሰጂ። አቦልን ያገኙት ተመራማሪዎች የለኩትን ፍጥነት በጽሑፋቸው ውስጥ በሰንጠረዥ አትመውታል፤ ጽሑፉ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል። ቁጥሮቹን ገልብጪና አቦል ኮከቧን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባትን ቀን ራስሽ አስልተሽ አውጪ። መጀመሪያ አይሆንልሽም፣ አትደንግጪ። በ1995 እ.ኤ.አ. ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ሲያገኙ፣ ዲዲየ ኬሎ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ልኬቱን የሚያሰላበት የኮምፒውተር ፕሮግራም የተበላሸ መስሎት ተጨንቆ ነበር። በ2019 ከመምህሩ ከሚሼል ማዮር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የመውጫ ፈተናውን አትናቂው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚሁ ጋር አገናኚው፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ መምህር ሥራሽን በቅርብ ያየ መሆን አለበት። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ሄደሽ ጎብኚ፣ እዚያ ያሉትን ተመራማሪዎች ጠይቂ። ውጭ ካሰብሽ፣ አሜሪካ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበላሉ፣ ወጪውንም ይሸፍናሉ። ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው በፈረንጆቹ ዲሴምበር አካባቢ ነው። አውሮፓ ግን ብዙ ቦታ ማስተርስ ይቀድማል።

990 አካባቢ ያለ ቁጥር ስታገኚ ግራፉን መጀመሪያ ለአባትሽ አሳዪያቸው፤ ከዚያ ለእኔም ላኪልኝ።