ሪሃብ፣ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ነርሲንግ ሆም... የቱ ነው ለእናትሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ነው። እናትሽ 78 ዓመታቸው ነው፣ ወድቀው ሆስፒታል ገብተዋል። ሶሻል ወርከሯ ደግሞ «ሪሃብ፣ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ነርሲንግ ሆም» ብላ ወረቀት አስይዛሽ ሄደች። «ልዩነቱ አልገባኝም፣ እናቷን ጣለች መባሉንም ፈራሁ» ብለሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ 14 ዓመት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ። የራሴንም እናት በዚሁ መንገድ አሳልፌያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የቤቶቹን ስም ተይው። እናትሽ ያለ ሰው እርዳታ ምን ይችላሉ? እኛ ሥራ ላይ የምናየው ስድስት ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። ስትመልሺ ራስሽን አትዋሺ። እኔ «እማዬ ራሷ ነው የምትታጠበው» ብዬ ስከራከር፣ ለካ ሁለት ወር ሙሉ ፎጣ አርጥባ ብቻ ነበር የምትወጣው። ገንዳው ውስጥ መግባት ፈርታ።

ስድስቱንም ለሚችል ሰው ኢንዲፔንደንት ሊቪንግ ይበቃዋል። እሱ በቃ አፓርታማ ነው፣ ነርስ አትጠብቂ። 62 ዓመት ለሞላቸውና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ፣ መንግሥት የሚደግፋቸው አፓርታማዎች አሉ። ኪራዩ ከገቢያቸው 30 በመቶ ገደማ ነው። ወረፋው ግን አያድርስ ነውና ባያስፈልግም አስመዝግቢያቸው።

አንድ ሁለቱ ሲያቅት አሲስትድ ሊቪንግ ይመጣል። የራሳቸው ክፍል፣ ምግብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ሲታጠቡና ሲለብሱ የሚያግዝ ሰው አለ። እዚህ ሜሪላንድ መንደር መሃል ባለ ተራ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙም አሉ፣ የእኛ ሰዎች የከፈቷቸውም አይጠፉም። ፈቃዱ ሦስት ደረጃ አለው። ቤቱ የትኛው እንዳለው ጠይቂ። ዝቅተኛው ከሆነ፣ እናትሽ ትንሽ ሲደክሙ ሌላ ቤት ፈልጊ ይሉሻል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ለዚህ ምንም አይከፍልም። ሜዲኬድም (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን) ቢሆን የክፍሉንና የምግቡን አይሸፍንም።

ሜሞሪ ኬር የመርሳት በሽታ ላለባቸው ነው። ወጥተው እንዳይጠፉ በሩ ይቆለፋል። እዚህ ላይ ቋንቋ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቦታ ስሠራ አንዲት የሀገራችን እናት «ምግብ አሻፈረኝ ትላለች፣ ትጮኻለች» ተብሎ ተጽፎባቸው አገኘሁ። እሳቸው የሚሉት «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ወተት አልጠጣም» ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። ሪሃብ ከሆስፒታል ወጥተው እስኪያገግሙ ለአጭር ጊዜ የሚቆዩበት ነው፣ ነርሲንግ ሆም ደግሞ ቀንና ሌሊት እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው የሚኖርበት። ብዙ ጊዜ አንድ ሕንፃ ናቸው፣ ከፋዩ ግን ይለያል። ዋናው ሜዲኬር ሪሃብን እስከ 100 ቀን ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትጨምሪው አለ። ቅድመ ሁኔታው ሆስፒታል በኢንፔሸንትነት (በይፋ ተኝቶ ታካሚ ተብሎ ተመዝግቦ) ሦስት ቀን መተኛት ነው። እኔ የተበላሁት እዚህ ነው። እናቴ አራት ሌሊት አድራ፣ ለካ የተመዘገበችው «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ የቆየች) ተብሎ ነው። አልጋው ያው፣ ነርሷ ያቺው፣ ቀኑ ግን አልተቆጠረም። የሪሃቡን ሂሳብ ከኪሴ ከፈልኩ። እናትሽ አድቫንቴጅ ፕላን (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ካላቸው ደንቡ ሊለይ ይችላል፣ ደውለሽ ጠይቂ።

ከሪሃብ በኋላ ዘለቄታ ያለው ነርሲንግ ሆም ከሆነ ሜዲኬር የለም። ወይ ከኪስ ነው፣ ወይ ሜዲኬድ። ሜዲኬድ ደግሞ ያለፉትን 5 ዓመታት የገንዘብ እንቅስቃሴ፣ ለሰው የተሰጠ ንብረትም ካለ፣ ያያል። ስለዚህ ቤታቸውን በስምሽ ላዙረው እንዳትዪ፣ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሪ። ግሪን ካርድ ካገኙ 5 ዓመት ካልሞላቸውም አብዛኛውን ጊዜ መጠበቅ አለ። ሲገቡ የምትፈርሚውን ወረቀት አንብቢ። ልጅ ከራሷ ገንዘብ ለመክፈል ዋስ ካልሆነች አንቀበልም ማለት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው አደልት ደይ ኬር ነው። ጠዋት ቫን ይወስዳቸዋል፣ ነርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ። እኛ አካባቢ እንጀራ የሚያቀርቡም አሉ። እኔን ሦስት ዓመት ያቆየኝ እሱ ነው።

«ጣለች» ስለሚሉት... ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አንሶላ ሊቀይርልሽ የሚመጣ የለም። እኔ ወሬ ፈርቼ ከሚገባው በላይ ቤት አቆየኋት። ወገቤ ሄደ፣ እሷም ሁለቴ ወደቀች። በመጨረሻ ከቤቴ አሥር ደቂቃ የሚርቅ ነርሲንግ ሆም አስገባኋት፣ ቡናዋን በፔርሙዝ ይዤ በየቀኑ እሄድ ነበር። ቤት ስትመርጪ እሁድ ማታ ሳትናገሪ ሂጂ። የጥሪ ደወል ሲጮህ ሰው ለመምጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ቁጠሪ። ሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ለነርሲንግ ሆሞች ከተሰጠው የኮከብ ደረጃ ይልቅ እኔ እሱን አምናለሁ።

ለዛሬ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ሆስፒታሉን «እናቴ ኢንፔሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ።