ጀበናው ለምን ቀለጠ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ቆሜ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ኖሬ፣ በጡረታዬ ደግሞ የዕቃ ፎቶ አንሺ ሆኛለሁ። ያውም ዙሪያውን። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት በስልክ ወይም በስካነር ዕቃን ወደ ኮምፒውተር ስለማስገባት ነው፤ ስክሪን ላይ በጣት የሚገላበጥ ሞዴል ስለመሥራት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አያቴ ራሷ የሰፋችው መሶብ ጎንደር እናቴ ቤት አለ። አሁን ብል እየበላው ነው። ባለፈው ለዕረፍት ስሄድ ሞዴል ልሠራለት በስልኬ አነሳሁት። የወጣልኝ ግን ክዳኑ ግማሹ የለም፣ ታቹ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቋል። ሪያድ ያለው ወንድሜ ያንኑ ስሪዲ ፕሪንተር ላይ ሲያሳትመው ሲኒ የሚያክል መሶብ መጣለት። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። ምኑን ነው ያበላሸሁት? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሲኒ የሚያክለው መሶብ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ። ከእሱው ልጀምር። ፎቶ መጠን አያውቅም። ከፎቶ ብቻ የተሠራ ሞዴል ቅርጹ ልክ ቢሆንም ትልቅ ይሁን ትንሽ በራሱ አይለይም። ታኅሣሥ ላይ መሶቡ አጠገብ የ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ አስቀምጪና አብረሽ አንሺው። በኋላ ፎቶዎቹን ወደ ሞዴል የሚቀይረውን ፕሮግራም «ከዚህ እስከዚህ 30 ሳንቲሜትር ነው» ካልሽው ሌላውን ሁሉ በዚያ ልክ ያስተካክለዋል።

አሁን ወደ ክዳኑ። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከጀበና ወደ ሲኒ ቡና ለመቅዳት ሞክሪ። ግማሹን ረከቦቱ ላይ ነው የምታፈሺው። ሁለት ዓይን አንዱን ነጥብ ከሁለት ቦታ ስለሚያይ ነው ርቀት የምናውቀው። ፕሮግራሙም ሥራው ይኸው ነው፤ ሰማንያ ፎቶ ከሰጠሽው ግን የእሱ ዓይን ሰማንያ ነው። አንዷን ነጥብ፣ በይ የቀይዋን አክርማ ጫፍ፣ በየፎቶው ላይ ይፈልጋታል። ካገኛት ካሜራው የት እንደቆመ፣ እሷም የት እንዳለች ያሰላል። በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ከታየች ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ክዳኑ የጎደለው ከላይ ስላላነሳሽው ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ቆሞ በዓይኑ ልክ አንስቶ ነው የሚሄደው። አንቺ ሦስት ጊዜ ዙሪው። አንዴ ቁጢጥ ብለሽ፣ አንዴ በመሶቡ ወገብ ልክ፣ አንዴ ከላይ ቁልቁል። በየዙሩ ከ25 እስከ 30 ፎቶ ይበቃል። አንዱ ፎቶ ላይ ካለው 70 በመቶው ያህል በሚቀጥለውም ላይ መታየት አለበት። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየተራመድሽ ነው። ዙም አታድርጊ። ስክሪኑን ጫን አድርገሽ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፊው። ፍላሽ ፈጽሞ! ፍላሽ አብሮሽ ስለሚዞር ጥላውም አብሮ ይዞራል። ደመና ቢሆን ሸጋ ነበር፤ በታኅሣሥ ጎንደር ላይ ደመና ከየት ይመጣል? በረንዳ ጥላ ሥር አውጪው።

መሶብ ለዚህ ሥራ የተመቸ ዕቃ ነው። ስፌቱ በቀለም የተሞላ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚይዘው ነጥብ አያጣም። አንድ አመል ግን አለበት፦ ጥለቱ ዙሪያውን ይደጋገማል። የምሥራቁን ጎን ከምዕራቡ ጋር ሊያምታታው ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፊበት። የጋዜጣ ጽሑፍ የትም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለምና ፕሮግራሙ የት እንዳለ በእሱ ያውቃል።

ታቹ ከምንጣፉ የተጣበቀው መቀመጫውን አይቶት ስለማያውቅ ነው። ገልብጪውና እንደገና ዙሪው። ልብ በይ፣ መሶቡን ከገለበጥሽ በኋላ ጋዜጣው ጠላትሽ ይሆናል። መሶቡ ተገልብጦ ጋዜጣው እንደነበረ ሲቀር ፕሮግራሙ ማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። ሁለቱን ዙር ስታገናኚ ከመሶቡ በስተቀር ያለውን ሁሉ ቆርጠሽ አስወጪ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን ማድረጊያ አላቸው።

ይህን የተማርኩት በጀበና ነው። የኬክ ማዞሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኬን ማቆሚያ ላይ ተክዬ፣ ጀበናውን እያዞርኩ 60 ፎቶ አነሳሁ። ከኋላ ባለአበባ መጋረጃ ነበር። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም፤ ፕሮግራሙም መጋረጃውን አመነ። ጀበናው እንደ ሻማ ቀልጦ፣ እጀታው ጠፍቶ ወጣ። የመጋረጃው አበባ ግን አንድም ሳይጎድል። ባለቤቴ አይታ «መጋረጃዬን ቆንጆ አድርገህ አነሳኸው» አለችኝ። እንግዲህ ዕቃውን የምታዞሪ ከሆነ ከኋላው ምንም የሌለበት ጨርቅ፤ አንቺ የምትዞሪ ከሆነ ጋዜጣ።

ሌላም አለ። 80 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ 320 ሜጋባይት ነው። የስልክ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ሥራውን የሚሠሩት ፎቶውን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ስለሆነ ጎንደር ሆነሽ በካርድ አትታገይ፤ ሜሪላንድ ስትገቢ ጫኚው። ዋናዎቹን ፎቶዎች ደግሞ አታጥፊ። ፕሮግራሙ በየዓመቱ እየተሻለ ነው፤ ያኔ እንደገና ትሠሪበታለሽ።

ጥያቄ፦ በደብራችን አሮጌ የብር መስቀል አለ። ሞዴል ሊሠራለት ይችላል? ኢንተርኔት ላይስ ብናወጣው? (ዲያቆን፣ ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ዲያቆን፣ ብር ከባድ ፈተና ነው። መሶብ ላይ ያለች ቀይ ነጥብ የትም ቢዞሩ ቦታዋን አትለቅም። ብር ላይ ያለው ብልጭታ ግን አብሮዎት ይሄዳል፤ ፕሮግራሙም መስቀሉ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል። ፋብሪካዎች የሚያብረቀርቅ ብረት ስካን ሲያደርጉ ነጭ ብናኝ ይነፉበታል፤ በኋላ ራሱ ተንኖ የሚጠፋ ዓይነትም አለ። የሕፃን ፓውደር የሚጠቀምም አይጠፋም። እርስዎ ግን እንዳያስቡት። ሐረጉ ውስጥ የገባ ብናኝ በቀላሉ አይወጣም፤ ሲፈትጉት ደግሞ ብሩን ይበሉታል።

የሚሻለው ፖላራይዘር፣ ማለትም ብልጭታን የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። አንዱን መብራቱ ላይ፣ ሌላውን ካሜራው ላይ አድርገው፣ የካሜራውን ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ ያዞሩታል። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ይጋርዱ። ያም ሆኖ ሞዴሉ ላይ ከመስቀሉ ቀዳዳዎች ጥቂቶቹ ተደፍነው መውጣታቸው አይቀርም፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ መክፈት ነው።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አላወጣውም። ማስመሪያ አብሮ ከተነሳ ፋይሉ መስቀሉን ከነልኩ ይይዛል። አስመስሎ ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ስጦታ አለ? መጀመሪያ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን ያስፈቅዱ፤ አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንድ ቅጂ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። መስቀሉ አንድ ቀን ቢጠፋ፣ አያድርገውና፣ «ይሄ የእኛ ነው» የምትሉበት ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ይህን አዲስ ቴክኖሎጂ ለመጀመር ላይዳር (ርቀትን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ውድ ስልክ መግዛት አለብኝ? (ከጅማ)

መልስ፦ አትግዛ። ደግሞም አዲስ አይደለም። በ1858 እንደ ፈረንጆቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው)፣ ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕንጻን ከፎቶ ላይ የመለካት ሐሳብ የያዘው።

ከ2020 ወዲህ የወጡት የአይፎን ፕሮ ስልኮች ላይዳር አላቸው። እስከ 5 ሜትር ያህል ይለካል፤ ለቤት ክፍል ጥሩ ነው። ትንሽ ዕቃ ላይ ግን ዝርዝሩን ይበላዋል፤ ለመሶብ ተራ ፎቶ ይበልጠዋል። ከፎቶ ሞዴል የሚሠራው ሜሽሩም የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። የኤንቪዲያ የግራፊክስ (የምስል) ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል፤ ጌም የሚጫወት ጓደኛ አታጣም።

ትልቁ ሌዘር ስካነር የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በእሱ ለክቷል። የቤቱን ውጭና ውስጥ ለክተህ ስታጋጥማቸው የግድግዳውን ውፍረት ታገኛለህ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ለወጣ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ድንጋይ ቆጥረህ አትገምተው።

ከሌዘርም የሚያልፍ አለ። ድንቅነሽ በ2008 አሜሪካ ሳለች ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ቀናት ያህል በሲቲ ስካነር፣ ውስጥን በራጅ በሚያይ መሣሪያ፣ ተነስታለች። ከ35,000 በላይ ምስል ወጥቷል፤ የአጥንቷ ውስጥ ሳይቀር። በ2016 የክንዷ፣ የትከሻዋና የጉልበቷ ፋይሎች ለሕዝብ ተለቀዋል። መለማመጃ ከፈለግህ ከእነሱ ጀምር። እኔ ጉልበቷን አሳትሜ ቲቪው ሥር አስቀምጫለሁ፤ የልጅ ልጄ የዶሮ አጥንት መስሎት ለድመቷ ሰጥቷት ነበር።