«ይላኩ» ከተነካ በኋላ

ይድረስ ጎንደር ላይ የባንክ አፕ መንደፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ከቀለሙና ከመነሻ ገጹ ነው። እባካችሁ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚወጣውን ስክሪን አስቀድሙ። ሰው በአፑ ላይ ያለውን እምነት የሚያጣው እዚያ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ጤፍ የገዛ ሰው 3,200 ብር ሊከፍል «ይላኩ» የሚለውን ነካ እንበል። ክቧ ትዞራለች፤ ኔትወርኩ ይሄዳል። ትእዛዙ ባንኩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል፤ ደርሶ ገና እየተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ብሩ ተላልፎ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስልኩ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችልም። አፑ ደፍሮ «አልተሳካም» ካለ ሰውየው ነጋዴዋ ፊት እንደቆመ ደግሞ ይልካል፤ 6,400 ብር ይወጣበታል።

ስለዚህ የማረጋገጫው ገጽ ሲከፈት ለዚያ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው። ሰውየው አሥር ጊዜ ቢሞክርም ያው ቁጥር ይላክ፤ ሰርቨሩም፣ ማለትም ትእዛዙን የሚቀበለው የባንኩ ኮምፒውተር፣ ቁጥሩን አስቀድሞ ካስተናገደው የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስ እንጂ ገንዘብ ዳግም አያንቀሳቅስ። ይህን ከሰርቨር ባለሙያዎቹ ጋር ሳትስማሙ በስክሪን ብቻ አትወጡትም። በእናንተ በኩል ቁልፉ አንዴ እንደተነካ ይቆለፍ፤ ከ«ተሳክቷል» እና ከ«አልተሳካም» ሌላ ሦስተኛ መልስም ይኑራችሁ፦ «የ3,200 ብር ክፍያዎ ውጤት ገና አልታወቀም። እባክዎ ደግመው አይላኩ፤ እያጣራን ነው።» ክፍያው ከዝርዝሩ ላይ በዚሁ ሁኔታ ይታይ፤ ኔትወርክ ሲመለስ አፑ ራሱ በመለያ ቁጥሩ ይጠይቅ። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ባዶ መልእክት ግን ፈጽሞ አታውጡ፤ ሰው የሚጠይቀው ብሬ ወጣ ወይስ አልወጣም ብሎ ነው።

ፒን ከመጠየቃችሁ በፊት ከባንኩ የመጣውን የተቀባይ ስም በጉልህ አሳዩ። 1,000 እና 10,000 በጥድፊያ ይምታታሉና ከአኃዙ ሥር «አሥር ሺህ ብር» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። የሂሳብ ቁጥሩንም አራት አራት አድርጋችሁ ክፈሉት፤ 13 አኃዝ ተያይዞ ሲጻፍ ዓይን ይስታል።

ፊደላችንን አታሳንሱት። የ«ቡ» እና የ«ቢ» ልዩነት ቅጥያዋ ከእግሩ መሐል ወይም ከእግሩ ጫፍ መሆኗ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ሲጠብ ትጠፋለች። ከ16 ኤስፒ (sp፣ የአንድሮይድ የፊደል መጠን መለኪያ) አትውረዱ፤ የመስመሩም ከፍታ ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ለሚነኩ ቁልፎች 48 በ48 ዲፒ (dp፣ የስክሪን ላይ ስፋት መለኪያ)፣ ለጽሑፍና ለመደቡ ንጽጽር፣ ማለትም ለብርሃናቸው ልዩነት፣ ቢያንስ 4.5 ለ1 ያዙ። ነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ ገበያ መሐል በቀትር ፀሐይ አይነበብም።

አፑ ሰውን «አንቱ» ይበል። «ላክ» ሴቷን ይዘላል፣ ለትልቅ ሰውም ድፍረት ነው፤ «ይላኩ» ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ስም ሲፈለግ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «አ»ን ከ«ዐ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» ጋር አንድ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው «ሀይሉ» ሲባልም ይገኝ። ስሙን ስታሳዩ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ተዉት።

ደረሰኙ ላይ በፈረንጅ ሰዓት 9:00 የሚል ካለ ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ያነበዋል፤ ክፍያው ግን ከጠዋቱ 3:00 ላይ የተፈጸመ ነው። ሰርቨሩ ጊዜውን በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ይያዝ፤ ወደ እኛ ሰዓትና ቀን የሚቀየረው ሲታይ ብቻ ይሁን። የቀን መምረጫው ጳጉሜንን አይርሳ፤ 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6።

ንድፉን ለአምስት ሰው ሳታሳዩ አትጨርሱ፦ ለባጃጅ ሹፌር፣ ለነጋዴ፣ ለተማሪ፣ አዘዞ ላሉ እናት፣ መነጽር ለሚያደርጉ አዛውንት። በሙከራ ሂሳብ 10 ብር እንዲልኩ ጠይቁና ዝም በሉ። «እዚህ ጋ ይንኩ» ማለት ያምራችኋል፤ አትበሉ። ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ጻፉና ያንን ገጽ ከነገ ጀምሮ እንደገና ሥሩት።