በእጃችሁ ያለውን ወጣት ሳትመዝኑ አትለውጡ

ውድ ልጆቼ፣

በየዓመቱ የጁላይ ወር ሊያልቅ ሲል፣ ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ ሊዘጋ ሲቃረብ፣ እዚህ ሜሪላንድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ ከእናንተ መካከል ቤዝቦል የምትወዱት ዙሪያዬን ከብባችሁ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቡድናችን ወጣቶቹን ሰጥቶ ጨዋታ የሚዘጋለት ወርዋሪ ማምጣት አለበት ወይስ የለበትም?» ትሉኛላችሁ። ቆመን የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ አጭር ይሆንብኛል። አንዳንዶቻችሁ ስታትስቲክስ የምትማሩት ነገ በእነዚህ ቡድኖች ቢሮ ተቀምጣችሁ ይህንኑ ውሳኔ ለማገዝ ስለሆነ፣ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በመድን ሥራ የአደጋ ስሌት ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ። ቤዝቦልን የለመድሁት ግን ከዚያ በፊት፣ በ1980ዎቹ በዋሺንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ስሠራ፣ ከትንሽ ሬዲዮ ነው። የዛሬው የዋሺንግተን ቡድን ናሽናልስ ከሞንትሪያል የመጣው በ2005 በመሆኑ ያኔ ከተማዋ የራሷ ቡድን አልነበራትም፤ የምንሰማው የባልቲሞር ኦሪዮልስን ነበር።

ወጣትን በቡልፔን ወርዋሪ መለወጥ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ወርዋሪ ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች ነው፤ ቡልፔን የሚባሉት፣ ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ሲደክም የሚተኩትና መሪነቱን ጠብቀው ጨዋታውን የሚዘጉት ናቸው። ከእነርሱ ምርጡ እንኳ በአንድ የውድድር ዘመን የሚወረውረው ከ60 እስከ 70 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ያህል ሲሆን፣ ቡድኑ በ162 ጨዋታዎች ከሚወረውረው ከ1,400 በላይ ኢኒንግ አንጻር ይህ ከሃያ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ እነዚያ ጥቂት ኢኒንጎች ጨዋታው ተቀራርቦ፣ አንድ ስሕተት ሁሉን የሚያፈርስባቸው ናቸው፤ በኦክቶበር፣ በፍጻሜው ውድድር (ፕሌይኦፍ)፣ ደግሞ በየመካከሉ የዕረፍት ቀን ስላለ አሠልጣኙ እነዚያኑ ሁለትና ሦስት ሰዎች ደጋግሞ ሊያስገባቸው ይችላል። በሌላው የሚዛን ጎን ያለው ወጣት፣ ከፍተኛው ሊግ የሆነው ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ ለስድስት የአገልግሎት ዓመታት የቡድኑ ሆኖ ይቆያል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚያገኘው ደመወዝ በሊጉ ከተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ብዙ አይርቅም። በጁላይ የሚመጣው ወርዋሪ ግን ብዙ ጊዜ ውሉ በዚያው ዓመት ስለሚያልቅ፣ ውድድሩ ሲጠናቀቅ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ይህን ሒሳብ ስታዩ «እንግዲያው በፍጹም መስጠት የለበትም» ትሉ ይሆናል። እኔ እንዲህ አላምንም። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ክፉ ሆነው የቀሩትን ልውውጦች ደጋግሜ ስመረምር ያገኘሁት፣ ጉዳቱ በአብዛኛው የመጣው ቡድኑ የሚመጣውን ወርዋሪ ከልክ በላይ ስላከበረ አለመሆኑን ነው። ጉዳቱ የመጣው የራሱን ልጅ ሳያውቀው ስለሰጠ ነው። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ለዚህ ነው የሚመስለኝ።

የቦስተኑን ነገር ተመልከቱ። በ1990 ኦገስት መጨረሻ ሬድ ሶክስ ከቶሮንቶ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ስለነበር፣ ላሪ አንደርሰን የተባለውን የ37 ዓመት ወርዋሪ ከሂዩስተን አስትሮስ አስመጣ፤ በምትኩም ጄፍ ባግዌል የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ሰጠ። አንደርሰን የተፈለገበትን ሥራ በሚገባ ሠራ፤ በ22 ኢኒንግ የተቆጠረበት ነጥብ እጅግ ጥቂት ነበር፣ ቦስተንም ቶሮንቶን በሁለት ጨዋታ በልጦ ምድቡን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ኦክላንድ በተከታታይ አራት ጨዋታ አሸንፎ አሰናበተው፤ ቦስተን በአራቱም ጨዋታ በድምሩ ያስቆጠረው አራት ነጥብ ብቻ ነበር። በየጨዋታው አንድ ነጥብ የሚያገኝን ቡድን የትኛው ወርዋሪ ያድነዋል? የጎደለው መቺ ነበር፤ የሰጠውም መቺ ነበር። አንደርሰን ውድድሩ እንዳለቀ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ። ባግዌል በ1991 የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ1994 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ አሥራ አምስቱንም የውድድር ዘመኖቹን በሂዩስተን አሳልፎ፣ 449 ሆምራን (ከሜዳው አጥር ያለፈ ምት) መትቶ፣ በ2017 ወደ ታላላቆች መዘክር ገባ።

ቦስተኖች ለምን አላዩትም? ሲሰጡት በኒው ብሪተን፣ ኮኔቲከት፣ ወጣቶች በሚያድጉበት በዝቅተኛው (ማይነር) ሊግ ከሦስት ሙከራ አንዱን እየመታ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት የመታቸው ሆምራኖች አራት ብቻ ስለነበሩ «ጉልበት የለውም» የሚል ስም ተሰጠው። የሚጫወትበት ሜዳ ሆምራን የሚያስቸግር መሆኑን ለማሰብ ጊዜ የወሰደ የለም፤ በእርሱ ቦታ ላይ ደግሞ ዌድ ቦግስን የሚያህል ሰው ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ባግዌል የተመዘነው ባለው ሳይሆን በጎደለው ነገር ነበር።

እኔም ይህንኑ ስሕተት በራሴ እጅ ሠርቼዋለሁ። የአንድ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ የዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከሌላ ክፍል ልምድ ያለው ሰው አምጥቼ አንዲት ጀማሪ ሠራተኛዬን ለቀቅሁ። ዘገምተኛ ናት ብዬ ነበር። ልጅቱ የምትዘገየው እያንዳንዱን ሠንጠረዥ ወደ ምንጩ ተመልሳ ስለምታጣራ መሆኑን የተረዳሁት፣ ከሄደች በኋላ እርሷ ብቻ ታገኛቸው የነበሩ ግድፈቶች በእጃችን ማለፍ ሲጀምሩ ነው። የመጣው ሰው ሥራውን በሰዓቱ ጨርሶ ሄደ፤ እርሷ ግን በሌላው ክፍል ለዓመታት ምሰሶ ሆነች። ሁለት ወር ስለቸኮልሁ ይህን ያህል ዓመት ሰጠሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። በ2017 የናሽናልስ ቡልፔን ያገኘውን መሪነት ሁሉ ሲያፈስ አይተን አብረን አዝነናል። በጁላይ ቡድኑ ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን ከኦክላንድ አመጣ፤ በምትኩ ብሌክ ትራይነንን፣ ሼልደን ኑሲንና ገና 19 ዓመት የሆነውን ኼሱስ ሉዛርዶን ሰጠ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ትራይነን በቀጣዩ ዓመት በመላው ሊግ ከሚፈሩት ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ፣ ሉዛርዶም ለሜጀር ሊግ የሚበቃ ጨዋታ ጀማሪ ወርዋሪ ወጣው። ሆኖም የዱሊትል ውል በቡድኑ ፈቃድ እስከ 2020 ሊዘልቅ የሚችል ስለነበር፣ የተገዛው የሁለት ወር እርዳታ ብቻ አልነበረም፤ በ2019 የዋንጫው ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪዝ፣ ሲጀመርም የመጀመሪያውን ጨዋታ የዘጋው እርሱ ነው። በዚያው በ2017 የናሽናልስ የማይነር ሊግ ቡድን በነበረበት በሄገርስታውን፣ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና በምትርቀው ከተማ፣ የ18 ዓመት ልጅ የነበረው ኽዋን ሶቶ በጉዳት ምክንያት የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ሳይጫወት አሳልፏል። የተጎዳ ታዳጊ በጥድፊያ ወቅት ዋጋው የሚረክስ ይመስላል፤ ናሽናልስ ግን ይዞት ቆየ።

በ2019 ጁላይ 31 ቡድኑ በአንድ ቀን ሦስት የቡልፔን ወርዋሪዎች አመጣ። ከእነርሱ አንዱ ዳንኤል ሃድሰን፣ በክርኑ ላይ ሁለት ጊዜ ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው፣ ከቶሮንቶ የመጣው በአንድ ወጣት ወርዋሪ ልዋጭ ነበር። ኦክቶበር 1 ምሽት፣ አንድ ሽንፈት ዓመቱን በሚጨርስበት ጨዋታ፣ ናሽናልስ በስምንተኛው ኢኒንግ በሚልዋኪ 3 ለ 1 እየተመራ፣ ቤዞቹ ሁሉ በሯጮች ተሞልተው፣ በዘመኑ እጅግ ከሚፈሩት ዘጊ ወርዋሪዎች አንዱ ከነበረው ከጆሽ ሄደር ፊት የቆመው ያ የሄገርስታውን ልጅ ነበር። ሶቶ መታ፤ በቀኝ ሜዳ ያለው ተጫዋች ኳሷን ሳተ፤ ሦስት ሰው ገባ። ዘጠነኛውን ኢኒንግ ሃድሰን ዘጋው፤ ጨዋታው 4 ለ 3 አለቀ። ልጆቼ፣ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ምሽት አሳዩኝ ብትሉኝ የማሳያችሁ ይህን ነው፤ ያልተሰጠው ወጣት ጨዋታውን ገለበጠ፣ በተመጠነ ዋጋ የመጣው ወርዋሪ ደግሞ ጠበቀው። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን፣ በሂዩስተን፣ ዋንጫውን ባስገኘው በወርልድ ሲሪዝ ሰባተኛ ጨዋታ የመጨረሻውን መቺ ያስወጣውም ይኸው ሃድሰን ነው።

ሃድሰንን የመሰሉ ሰዎች በዚህ ዋጋ የሚገኙበት ምክንያት አለ፤ ለቢሮ ሥራ የምትዘጋጁት ይህን በደንብ ያዙልኝ። የቡልፔን ወርዋሪ እንደ ዘጠኙ የሜዳ ቦታዎች ተሰልፎ ከልጅነት የሚያድግ ሰው አይደለም፤ ብዙዎቹ በሌላ ቦታ ያልተሳካላቸው ናቸው። ዱሊትል ራሱ መጀመሪያ የተመለመለው ለፈርስት ቤዝና ለመምታት ነበር፤ ወደ መወርወር የዞረው ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። አንድሩ ሚለርና ዌድ ዴቪስ ጨዋታ ጀማሪ ሆነው አልሆነላቸውም፤ ወደ ቡልፔን ሲዛወሩ ግን የሚነካቸው ጠፋ። በአንጻሩ በዓመት 60 ኢኒንግ ብቻ የሚወረውር ሰው ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ አምና ድንቅ የነበረው ዘንድሮ ተራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ውድ ልጃችሁን ከማቅረባችሁ በፊት፣ በራሳችሁ ማይነር ሊግ ውስጥ ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ ያልተሳካለትን፣ ሌሎች የተዉትን፣ ኳሱ ፈጣን ሆኖ ዓላማው የጎደለውን ሰው ፈልጉ።

ያም ሆኖ ትልቁን ዋጋ መክፈል የሚገባበት ጊዜ አለ። በ2016 ቺካጎ ከብስ ለ108 ዓመት ዋንጫ ያላየ፣ በዚያ ዓመት ግን 103 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነበር፤ ወጣቱን ግሌይበር ቶሬስን ከሌሎች ሦስት ጋር ሰጥቶ ዘጊውን ወርዋሪ አሮልዲስ ቻፕማንን አመጣ። የቶሬስን ዋጋ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ በእርሱ ቦታ የሚጫወቱ ሁለት ወጣቶችም አስቀድመው በሜዳ ነበሩት። ቻፕማን በመጨረሻው ጨዋታ ደክሞ መሪነቱን ቢያስነጥቅም ቡድኑ ዋንጫውን አነሣ፤ ያለ እርሱ እዚያ ቀን መድረሳቸውን እጠራጠራለሁ። ቦስተን በ1990 ያላደረገው ይህን ነው፤ የጎደለውን አንድ ነገር በትክክል ማወቅና የሚሰጡትን በሙሉ ዋጋው ቆጥሮ መስጠት።

ለእናንተ የምመክረው የሥራ ልማድ አንድ ነው፤ ከልጅ ልጄ ጋር በየዓመቱ የምናደርገው ነው። የልውውጡ ቀን ሳይደርስ፣ ማን ቢሰጥ እንደምንስማማ፣ ያ ወጣት ምን እንደጎደለው ሳይሆን ምን እንዳለው፣ ቡድኑም በእርግጥ የሚጎድለው ወርዋሪ መሆን አለመሆኑን በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን እናስቀምጣለን። ከአምስት ዓመት በኋላ ስንከፍተው የምንፈርደው በጻፍነው ምክንያት ላይ ነው፤ ማን አሸነፈ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የ2014ቱን በ2019 ከፈትነው። በዚያ ዓመት ባልቲሞር ወጣቱን ወርዋሪ ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝን ለቦስተን ሰጥቶ አንድሩ ሚለርን አምጥቶ ነበር። ምድቡን በ12 ጨዋታ በልጦ አሸነፈ፤ ሚለር በፕሌይኦፉ አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም፤ ሆኖም ካንሳስ ሲቲ በአራት ጨዋታ፣ በድምሩ በስድስት ነጥብ ልዩነት ብቻ አሸነፈው፣ ሚለርም ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ወረቀቱን በከፈትንበት ዓመት ሮድሪጌዝ ለቦስተን 19 ጨዋታ አሸነፈ። ከወረቀቱ ላይ «ይሰጥ» የሚል የእኔ ጽሑፍ ወጣ። ጨዋታዎቹ እንዲያ ተቀራርበው ያለቁ ስለሆኑ፣ ያ ቡድን በእርግጥ ወርዋሪ ያስፈልገው ነበር፤ በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። ሮድሪጌዝን ግን በዚያ በጋ እዚሁ አጠገባችን ቡዊ ላይ፣ በባልቲሞር የማይነር ሊግ ቡድን፣ ሲቸገር አንድ ጊዜ ብቻ አይቼው ነበር፤ ያንን ቃል ከመጻፌ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ላየው ይገባኝ ነበር።